ጉሙ የከተማው መስሎኝ

ኪዩርፒፕ ላይ ጉም ብርቅ አይደለም፤
ጠዋት ደጁን ስከፍት ቀድሞኝ ይገባል፣
የጎረቤቴን ጣሪያ ይውጣል፣ የአውቶቡሱን ቁጥር ይልሳል፣
ረፋድ ላይ ሲሰለቸው ተነስቶ ይሄዳል።
እናም ያን ሰሞን ዓይኔ ሲዳምን
የከተማው መስሎኝ ዝም አልኩ፤
ይገፈፋል ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ።

ሥራዬ ትንንሽ መርከብ ነው።
ወንዶቹ እንጨቱን ይጠርባሉ፣ እኛ ገመዱን እንወጥራለን፤
ከክንድ በማትበልጥ መርከብ ላይ ስምንት መቶ ቋጠሮ፣
አንዱ ቢበዛ የሰናፍጭ ፍሬ ቢያክል ነው።
ሃያ ስድስት ዓመት ቋጠርኩ፣ አንዱም አልተፈታ።
አሁን መርፌዋን ወደ መስኮቱ አንስቼ
ክሩን በምራቄ አሹዬ
እወጋለሁ፦ አየር።
እወጋለሁ፦ ጣቴን።
ሁለት ዓይን ይዤ አንዲት ዓይን አጣሁ፤
መርፌስ ዓይን አላት፣ እኔ በምን ልያት?

ነርሷ ጣቴን ወጋች። እሷ አልሳተችም።
ዶክተር ራምፋል ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እኔን፣
«ፕሬሚላ፣ ስኳር አለብሽ።»
ሳቅኩ። ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ።
አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሞሪሸስን ሸንኮራ ሲቆርጥ፣
መዳፉ በገጀራ ሲላጥ፣ ወገቡ ሲቆረጥ፣
ስኳሩ በመርከብ ተጭኖ ሲሄድ ቆሞ እየሸኘ
ለራሱ ሻይ ግን ግማሽ ማንኪያ ሲሰስት የኖረ፣
ለካ ከዚያ ሁሉ ጭነት የኛ ድርሻ ቀርቶ
በልጁ ደም ውስጥ ኖሯል ወደብ ያገኘው።

ኪኒን ጀመርኩ። ዳቦ ቀነስኩ። ሻዬን መራራውን ለመድኩት።
በአሥረኛው ቀን ጭራሽ ባሰ፤
ቅርቡ ራቀ፣ ሩቁ ፈሰሰ፤
ከጠረጴዛው ማዶ የልጄ የኬሻቭ ፊት
ውሃ የነካው ፎቶግራፍ፣
አፍ ብቻ፣ የሚስቅ አፍ።
ከገበያ መነጽር ገዛሁ፤ ማክሰኞ ሆነልኝ፣ ዓርብ ከዳኝ።
ሌላ ገዛሁ፤ እሱም እንደ ወንድሙ።
እልህ ያዘኝና ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት፤
ሁለት ቀን አልዋጥኩም።

ዶክተሩ ሲሰማ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።
«ዓይንሽ ውስጥ ያለችው ሌንስ» አለ፣ «ስኳሩ አሳብጧት ነበር።
አሁን ሲወርድላት ቅርጿን እየቀየረች ነው።
እስክትረጋ ሳምንታት ስጫት፣ መነጽር አትግዢ፣
ኪኒኑን ግን እንዳትተዪ።
የዓይንሽን ጀርባ ደግሞ ዛሬ ፎቶ እናነሳለን፣
ከዛሬም በኋላ በየዓመቱ።»
ብሌኔን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመሩብኝ፤
ፀሐይዋን በእጄ እየከለልኩ ወደ ቤት ሄድኩ።
መጠበቅስ ለኔ አዲስ አይደለም፤
ሙጫም እስኪደርቅ ይጠበቃል።

ሮዝሊን ጠዋት ጠዋት ከኔ ቀድማ ትገባና
ሃያ መርፌ ላይ ክር አስገብታ
ስፖንጅ ላይ እንደ ጃርት ትሰካልኛለች፤
ያወቅኩባት አይመስላትም።
እኔም ዓይኔን ጨፍኜ መቋጠር ጀመርኩ፤
ግማሽ ከማየት ጨርሶ አለማየት ሲሻል አየሁ።
ጣት የራሱ ትዝታ አለው፦
በላይ፣ በታች፣ ዞር፣ ሳብ።
በላይ፣ በታች፣ ዞር፣ ሳብ።

አሥራ አንደኛው ሳምንት፣ ሐሙስ።
ፌርማታው ላይ ቆሜ ቁጥሩ መጣ፣
ከአውቶቡሱ ቀድሞ፣ ጥርት ብሎ።
ሾፌሩ ምን ሆነሽ ነው የምትስቂው አለኝ።
አውደ ጥናታችን ስደርስ ኮቴን ሳላወልቅ
በጭፍን ወደ ቋጠርኳት መርከብ ሄድኩ።
የኋላው ምሰሶ፣ ሦስተኛው ገመድ
የጎረቤቱን ችካል ይዞ ተጣሟል።

«አይተሽው ነበር?»
ሮዝሊን ቀና አላለችም፣ «አይቼው ነበር።»
«ታዲያ?»
«መደርደሪያ ላይ ምን ነፋስ ያገኛታል ብዬ።»

ውጭ ጉም ነበር። የከተማው።
መቀሱን አቀብዪኝ አልኳት።